ክፍት ቀን፣ ዝግ ቀን

ረቡዕ፣ ኅዳር 8 ቀን 1980

በውይይት ታክሲ እስከ ፈረንሳይ ሰፈር፣ ከዚያ ዳገቱን በእግር። የመሬት መንቀጥቀጥ ጣቢያችን ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ያለች አንዲት የድንጋይ ክፍል ናት። "ጣቢያ" ሲባል ሰው ትልቅ ነገር ይመስለዋል።

ጠዋት የተለመደው ሥራ። ወረቀቱን በላምባ ጭስ ጥቀርሻ ማልበስ፣ በሚሽከረከረው ከበሮ ላይ መጠቅለል፣ መርፌዋን ማሳረፍ። መሬት ስትነቃነቅ መርፌዋ ጥቀርሻውን ጭራ ነጭ መስመር ትተዋለች። እኔ ደግሞ አነባለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጥፍሬ ነጽቶ አያውቅም። እናቴ በሕይወት እያለች "ከሰል ሻጭ ናት ይሉሻል" ትለኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ የየካ ድንጋይ ካባ ፈነዳ። መርፌዋ ዘለለች። ዘበኛችን ጋሽ ወልደ ሐዋርያት እንደ ሁልጊዜው በራፉ ላይ ሆነው "ይቺስ የእግዜር ናት የሰው?" አሉ። የሰው ናት አልኳቸው። "እንግዲያው አትጻፊያት።" የኪዳነ ምሕረት ደብተራ ናቸው፤ ዘበኝነቱ ለእንጀራ ነው።

ከሰዓት ሳጥኑ መጣ። በየረቡዑ ከምሥራቅ ቆላ፣ ከተፈጥሮ ጋዝ ቁፋሮው ካምፕ በአውሮፕላን የሚመጣው የቆርቆሮ ሳጥን። እዚያም እንደኛው ያለ ከበሮ አለ። ወረቀቱን የሚቀይሩት የሶቪየት መሐንዲሶች ናቸው፤ ቀኑን በፈረንጅ ይጽፉበታል። አብሮ የጉድጓዱ መዝገብ ቅጂ ይመጣል... መቼ ተከፈተ፣ መቼ ተዘጋ። እሱን በእኛ ቀንና ሰዓት የሚጽፈው ወንድሜ ኤጀታ ነው። ያስቀጠርኩት እኔ ነኝ። ካምፕ ያለ ሰው ለብሔራዊ ውትድርና አይመለመልም። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ ለራሴ ምን እዋሻለሁ።

አካሉ መጣ። አለቃዬ ነው፤ አብረን ተምረን እሱ ዶክተር ሆነ፣ እኔ ጥቀርሻ ለባሽ። "ጥያቄው አንድ ነው" አለ። "ጋዝ ሲወጣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል ወይስ አይንቀጠቀጥም? በአሥር ቀን ውስጥ።"

እሺ አልኩ። ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅም። እስከ ዛሬ አንብቢ እንጂ ምን ታስቢያለሽ ያለኝ የለም።

እሑድ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሬ ሲግናል በሙሉ ጭስ። ሰፈሩ በሽታ እንዲወጣለት ቆሻሻ ያጥናል፣ እኔ በዕረፍት ቀኔም ከጭስ አላመለጥኩም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 15

ቆጥሬ ጨረስኩ።

ከጥቅምት 1 ጀምሮ ጉድጓዱ ለሙከራ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። ከካምፑ ሥር የተነሱ ትናንሽ መንቀጥቀጦች አሥራ ሰባት። የኤጀታን ቀን በግድግዳው ካርድ ወደ ፈረንጅ ቀየርኩ። ሰዓቱ ነው ጣጣው። እሱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲል በግሪንዊች ለሚሄደው ከበሮ ስድስት ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ።

ከአሥራ ሰባቱ አሥራ አምስቱ በዝግ ቀን። በክፍት ቀን ሁለት ብቻ።

ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ጉዳዩ ምንድን ነው አሉኝ። ጋዙ ከድንጋይ ሥር ታምቆ የኖረ ነው፣ ሲወጣ ድንጋዩ ይላላል፣ ይንሸራተት ይሆናል አልኳቸው። "የእህል ጉድጓድ ነው በይኝ። ከሥር ሲጎድል ከላይ ይናዳል።" እኔም የጠበቅኩት እንደዚያ ነበር። ወረቀቱ ግን ተቃራኒውን አለ። ወረቀት ደግሞ አይዋሽም።

ዓርብ፣ ኅዳር 17

ጓድ ሂርጳ መጣ፣ ከጋዙ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት። ካኪ ልብስ፣ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ። ዳገቱን በላንድሮቨር ወጥቶም ያልበዋል። ሪፖርቴን ሁለት ጊዜ አነበበ። ሞኝ ሰው አይደለም።

"ስለዚህ የሚያናውጠው መዝጋቱ ነው?"

"ቁጥሩ የሚያመለክተው እንደዚያ ነው።"

"እንግዲያው ለምን እንዘጋዋለን?"

አካሉ ሳቀ። 

አንድ ነገር ይከነክነኛል... ለምን እንዲህ ጥርት ብሎ? ከአሥራ ሰባት አሥራ አምስት? መሬት እንዲህ ሥርዓት ስትጠብቅ አይቼ አላውቅም። ሂርጳ ከሄደ በኋላ ለአካሉ ነገርኩት። "ጥሩ ውጤት አግኝቶ የሚያኮርፍ ሰው አንቺን አየሁ" አለኝ። ፈረምኩ። ከፊርማዬ ሥር እሱም ፈረመ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 6

በሳጥኑ ውስጥ፣ ከወረቀቶቹ መሃል የኤጀታ ደብዳቤ።

"አስቱ፣ የምንተኛበት ቤት ብሎኬት ነው፣ ከገደሉ ሥር የተለጠፈ። ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ነን። ከራስጌዬ በኩል ግድግዳው ተሰንጥቋል፤ ጣቴ ይገባል። ሰኞ ጥቅምት 15 ጉድጓዱን ስንከፍት ሻዬ ከነብርጭቆው ከጠረጴዛ ወረደ። የሚያንቀጠቅጠን ስንከፍት ነው። ስንዘጋ እንቅልፍ አለ። እናንተ ግን ሌላ ጽፋችኋል አሉ..."

ተናደድኩ። እዚያው ቁጭ ብዬ መለስኩለት፦ ሻይ የተደፋበት ሁሉ የመሬት መንቀጥቀጥ ባለሙያ አይሆንም። ድሮም ፈሪ ነህ። ካልሲ ልኬልሃለሁ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 15

ውሳኔው ወረደ። ከጥር 1 ጀምሮ ጉድጓዱ ሃያ ቀን ሙሉ ሳይዘጋ ይከፈታል። ደብዳቤው ሪፖርቴን በቁጥር ይጠቅሳል። "ንዝረቱን የሚያስከትለው መዝጋቱ መሆኑ በጥናት ስለተረጋገጠ..."

ተረጋገጠ አላልኩም። አላልኩም አይደል? ረቂቁን አወጣሁ። "ያመለክታል" ነው ያልኩት። ልዩነቱን ማን ያያል?

የምስክር ወረቀት ይሰጥሻል ተብያለሁ። ኤጀታ መልስ አልጻፈም። አኩርፏል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 26

በሥርዓት ልጻፈው።

ጠዋት ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ፈቃድ ጠየቁ። "ነገ ማታ ቤተ ክርስቲያን ነው የማድረው፣ ሐሙስም አልገባም። ገና ነው።"

"ገና ዓርብ አይደለም እንዴ? ሃያ ዘጠኝ?"

ሳቁብኝ። "እናንተ ጴንጤዎች ጾም የላችሁ፣ ቀኑን በምን ታውቁታላችሁ? ዘንድሮ ዘመነ ዮሐንስ ነው ልጄ። ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት አድርጎ ነው የሄደው። ስድስት ስትሆን ዓመቱ አንድ ቀን ዘግይቶ ይገባል፣ ልደትም ሃያ ስምንት ላይ ይውላል። በአራት ዓመት አንዴ።"

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ሄደ።

ካርዱ። በ1977 በገዛ እጄ የጻፍኩት፣ ጭስ የበላው። "መስከረም 1 — ሴፕቴምበር 11።" ዘንድሮ ግን መስከረም 1 የገባው ሴፕቴምበር 12 ነው። አሥራ ሁለት!

በሩን ዘግቼ እንደገና ቆጠርኩ። አንድ ቀን ወደፊት። አንድ ቀን ብቻ። በዝግ ቀን የነበሩት አሥራ አምስቱም አንድ በአንድ ክፍት ቀን ላይ ሄደው ተቀመጡ። የኤጀታ ሰኞም አለ። ጥቅምት 15 በእኔ ካርድ ኦክቶበር 25 ነው፤ ኦክቶበር 25 እሑድ ነው። ሰኞ 26 ነው። የ26ን ወረቀት አወጣሁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ መርፌዋ ቦርቃለች። ያቺ የሻዩ ብርጭቆ ናት።

ሰዓቱን ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ። ቀኑን አንድ ጊዜም አላረጋገጥኩም።

ጉድጓዱ ሲከፈት ነው የሚንቀጠቀጠው። እኔ ክፈቱት ብያለሁ። ሃያ ቀን ሳይዘጋ። አምስት ቀን ቀረ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 27

ሾላ፣ አካሉ ቤት። ሚስቱ ዶሮ ትበልታለች። ጓዳ አስገብቶኝ በሩን ዘጋ። ቁጥሮቹን አየ። 

"ፈርመሻል። እኔም ፈርሜያለሁ። ተሳሳቱ አይሉም አስቴር፣ አውቀው ነው የሚሉት። አሻጥር። ይሄ ቃል ሰው የት እንደሚያደርስ ታውቂያለሽ።"

"ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ተሰንጥቆ የቆመ ቤት ውስጥ ይተኛል።"

"ወንድምሽን ጥሪው። እናታችን ታማለች በዪ፣ ፈቃዱን እኔ አስጨርሳለሁ።"

እናታችን ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ቀብሯ ላይ አፈር ከመለሱት አንዱ እሱ ነው። ረስቶት ነው ወይስ...?

"ሌሎቹስ?" አልኩት።

ግድግዳው ላይ ሁለቱም ቀን ያለበት ካላንደር ተሰቅሏል። ለአለቆች የሚታደለው ነው፤ እኛ ጣቢያ ዘንድሮ አልደረሰንም። ገለጠው። "እዪ። ፈረንጆቹም በየካቲት አንድ ቀን ይጨምራሉ። ከየካቲት 22 ጀምሮ ካርድሽ ራሱ ልክ ይሆናል። ማንም ሳይነካው። ከዚያ በኋላ ማን ይቆጥራል? እስከዚያ ዝም በዪ።"

ክፉ ሰው አይደለም። ሦስት ልጆች አሉት። ስወጣ ሚስቱ እንቁላል በፌስታል አስያዘችኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 28፣ ገና

ጠዋት እነ ታደለች ቤት ለጸሎት ተሰበሰብን። መጋረጃ ተዘግቶ፣ መዝሙሩ በሹክሹክታ። "ምን እንጸልይልሽ?" አለችኝ። ለወንድሜ አልኩ። ለወንድሜ ብቻ። አፈርኩ፣ ግን አላስተካከልኩትም።

ከዚያ ዳገቱን ወጣሁ። ኪዳነ ምሕረት ሕዝቡ እየተበተነ ነው። ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ሌሊቱን ቆመው አድረው ዓይናቸው ቀልቷል። የዘመኑን አቆጣጠር ይንገሩኝ፣ ልጽፈው ነው አልኳቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቃል በቃል ነገሩኝ። ስጨርስ ለምን እንደሆነ ጠየቁ። ነገርኳቸው።

 "ያንን ካርድ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ" አሉ። "የፈረንጁን ወገን አላነብም እንጂ። አንድ ቀን ብታነቢልኝ ኖሮ..."

ብጠይቃቸው ኖሮ። ደብተራ ስለ ሳይንስ ምን ያውቃል ብዬ ነበር እኮ። ጮክ ብዬ አላልኩትም፣ ግን ብዬ ነበር።

"ከጠየቁሽ ወልደ ሐዋርያት ነገረኝ በዪ።"

አልልም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 29

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የፕሮጀክቱ ጽሕፈት ቤት ደረስኩ። አምስት ሰዓት ላይ ሂርጳ አስጠራኝ።

ሁለት ገጼን ሰጠሁት። ሲያነብ ጳጉሜን 6 ላይ ጣቱ ቆመ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ። ገባው። በደንብ ገባው።

"ማን ላከሽ?"

"ማንም።"

"ዶክተር አካሉ ያውቃል?"

"ካርዱ የእኔ ነው። የጻፍኩትም የቆጠርኩትም እኔ ነኝ።"

ፋይል ከፈተ። "ጴንጤ ነሽ ይላል።"  ገጽ ገለበጠ። "ኤጀታ ዋቅጅራ ምንሽ ነው?"

"ወንድሜ።"

"እዚያው ካምፕ ነው። አሁን ወንድምሽን ለማውጣት ብለሽ የመንግሥት ሥራ ታስቆሚያለሽ?"

ይህን ጥያቄ እየጠበቅኩት መልስ ሳላዘጋጅ ገባሁ። አፌ ብቻውን ተናገረ። "ሠላሳ ስምንቱን ከዚያ ቤት አውጧቸው። ሜዳው ላይ ይተኙ። ወንድሜ መጨረሻ ይውጣ።"

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ጻፈው። ካሉት ሁለት እስክሪብቶዎች አንዱን አውጥቶ ቃሉን እንዳለ ጻፈው።

"ጉድጓዱን ማስቆም የእኔ ሥልጣን አይደለም። ከላይ ነው የመጣው። ድንኳን ግን በእኔ እጅ ነው። በራዲዮ እናገራለሁ።" መታወቂያዬን መሳቢያው ውስጥ ከተተ። "ቤትሽ ቆዪ።"

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ምንድን ነው ያልኩት? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 30

የጣቢያውን ቁልፍ አካሉ መጥቶ ወሰደ። ዓይኔን አላየም።

እሑድ፣ ጥር 1

ዛሬ ይከፈታል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ሦስት ሰዓት ላይ ቆሜ ነበር። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም። ጠረጴዛዬ ላይ ውኃ በብርጭቆ አስቀምጬ አየሁት... ከዚህ እስከዚያ ስንት መቶ ኪሎ ሜትር! አብጃለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 4

የሳጥኑ ቀን። ፈረንሳይ ድረስ ሄጄ መንገዱ ዳር ቆምኩ። የሳጥኑ መኪና አልወጣም።

ቅዳሜ፣ ጥር 7

ምንም። መጨረሻ ይውጣ። መጨረሻ ይውጣ። ማን ሆኜ ነው ተራ የምሰጠው?

ዓርብ፣ ጥር 13

ጋሽ ወልደ ሐዋርያት በእግራቸው ሲግናል መጡ። ቤቴን አያውቁትም፤ ሰው እየጠየቁ ነው የደረሱት። "ሳጥኑ መጥቷል። ሙክታር የሚሉት አዲስ ልጅ ወረቀቱን ገልብጦ ሊያነብ ሲል ዶክተሩ እሷን ጥሩ አሉ።"

እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ጥር 1፣ ትንንሽ ነቅነቅ። ጥር 2፣ በዛ። ጥር 3 ከቀኑ ስምንት ሰዓት... መርፌዋ ከወረቀቱ ጠርዝ ወጥታ አልተመለሰችም። ቀሪው ጥቁር ነው። ሙክታር "ማሽኑ ተበላሽቶ ነው?" አለ። 

መዝገቡን ገለጥኩ። የጥር 1 እና 2 ጽሑፍ የኤጀታ ነው። የጥር 3 ጽሑፍ የሌላ ሰው ነው። ጠማማ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ።

ተቀመጥኩ። አካሉ ውኃ አመጣ። ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ቆባቸውን አወለቁ። እኔ ጽሑፉን አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። "ሰባት" ቁጥርን እንደዚህ ባንዲራ አስመስሎ የሚጽፍ አንድ ሰው ነው የማውቀው። ከልጅነቱ ጀምሮ መምህሩ እየገረፉት ያልተወው።

በግራ እጁ ነው የጻፈው።

"8:07 ቤቱ ወደቀ። ከእኔ በቀር ሰው አልነበረበትም። መዝገቡን ላወጣ ገብቼ ነበር። 8:40 ጉድጓዱ ተዘጋ።" ከጎኑ፣ በፈረንጅ፦ ጃንዋሪ 12። እሱም ሁለቱን ቀን መጻፍ ጀምሯል።

ያለቀስኩት ቤት ስደርስ ነው።

እሑድ፣ ጥር 22 — ጃንዋሪ 31

ከሰኞ ጀምሮ ሥራ ተመልሻለሁ። መታወቂያዬን በፖስታ ላኩልኝ፣ ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጋር። "በግድየለሽነት።" አሻጥር አይልም፤ ሂርጳ ይሆናል ያስቀረው። ከእንግዲህ ጥቀርሻ ማልበስ እንጂ ማንበብና መፈረም አልችልም። አንባቢው ሙክታር ነው። ትናንት ካርዱን አውርጄ አዲስ ጻፍኩለት፣ ለአራቱም ዘመን፣ ለየብቻው። ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ከበራፉ ላይ እየጠሩልኝ። "ከየካቲት 22 ወዲህ እኮ የድሮውም ልክ ይሆናል፣ ለምን ትደክሚያለሽ?" አለኝ ሙክታር። የምነግረው ጊዜ ይመጣል።

ኤጀታ ሐሙስ መጣ። ቀኝ ክንዱ እስከ ትከሻው ጄሶ ነው። ካምፑ ተበትኗል። የቀበሌ ሰው ትናንት በር ላይ ቆሞ ጄሶውን አይቶ ሄደ። ሐኪሙ ሁለት ወር ብሏል። ከሁለት ወር በኋላ ሊመለምሉት ይመለሳሉ። ያንን የሚያስቀር ቁጥር የለኝም።

ሦስት ቀን ሙሉ በግራ እጁ እንጀራ አልቆርስም ብሎ በማንኪያ ሲታገል ነበር። ዛሬ ምሳ ላይ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"በራዲዮ ሲጠሩን ሰማሁ" አለ። "ድንኳኖቹ በቂ አልነበሩም፣ በሦስት ቀን ነው የወጣነው። ስም ዝርዝሩ ላይ እኔ ሠላሳ ዘጠነኛ ነኝ። የአስቴር ወንድም መጨረሻ ይውጣ ይላል። አንቺ ነሽ ያልሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

እንዲያምኑኝ አልኩት። አንተን አውጡ ብል ማንም አይወጣም ነበር። አልቅሼ አልነገርኩትም። እንደ ሪፖርት ነው የነገርኩት፣ ሌላ አነጋገር አላውቅም።

 ኤጀታ ሰሚቱ፣ ካምፑ ውስጥ ከአጠገቡ አልጋ የነበረውና ቀድሞት የወጣው ሰው፣ አራት ልጆች እንዳሉት ነገረኝ።  ፈሪ ብዬ የጻፍኩለትን ደብዳቤም አላነሳም። ካልሲውን ግን አድርጎታል።

"ወጥ ጨምሪልኝ" አለ።

ጨመርኩ። ማንኪያውን አላነሳም። ጥቀርሻ ባልለቀቀው እጄ ጠቅልዬ ዘረጋሁለት።

ጎረሰ።